ከቀብድ እስከ ካርታ፦ በአራዳና በፒያሳ ቤት የመግዛት ታሪክ

በአራዳ ቤት የገዛ ሰው ቤቱን የራሱ የሚያደርገው በአንድ ቀን አይደለም። ዋጋ ከተቆረጠና ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ስሙ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ እስኪሰፍር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል ገዢው ገንዘቡን ከፍሏል፤ ቤቱ ግን በሕግ ፊት ገና የሻጩ ነው። ሻጩም ቤቱን ሊለቅ ተሰናድቷል፤ ዋጋው ግን ተሟልቶ እጁ አልገባም። መዘግየቱን ብዙ ጊዜ በደላላ ማላከክ የተለመደ ቢሆንም ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ወዲህ የመጣው እያንዳንዱ መንግሥት የየራሱን የይዞታ ሥርዓት ሲያቆም የቀደመውን ሳያጠራ በላዩ ላይ ደርቧል። የአራዳ ቤት ሲሸጥ እነዚህ ድርቦች ሁሉ አንድ በአንድ መፈተሽ አለባቸው፤ ገዢ የሚጠብቀውም ይህን ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ቦታ የሚገኘው በግዢ አልነበረም። ንጉሡ ለመኳንንቱ ሰፋፊ ቦታ ይሰጣሉ፤ መኳንንቱ ደግሞ በየግቢያቸው ዙሪያ አሽከሩን፣ ወታደሩንና ባለ እጁን ያሰፍራሉ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈርና ገዳም ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚያ አሰፋፈር የቀሩ ናቸው። መሬትና ቤት መሸጥ ራሱ ግን ለአገሩ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው፣ እማኞቹና ዋሱ በስም ይሰፍራሉ። እንዲህ ያለው ሽያጭ የሚጸናው በታወቁ ሰዎች ፊት በመፈጸሙ ነው፤ ነገ የሚክድ ቢመጣ እማኙ ከዚያው ሰፈር ይጠራል። አራዳ ግን ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሞላባት አዲስ ገበያ ነበረች። ሻጩ ከጎጃም፣ ገዢው ከአርመን አገር ወይም ከሕንድ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለቱም ዕድሜ ልክ የሚመሰክር የጋራ ጎረቤት አልነበራቸውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ወረቀት መጣ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት ደንብ በዋና ከተማው መሬትን በግል መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ ታወቀ፤ ለባለይዞታውም የጽሑፍ ማስረጃ ይሰጥ ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመና ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። የአራዳን ገበያ ይመሩ የነበሩት ነጋድራስ፣ በኋላም ቢትወደድ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በዚያው አካባቢ ያሠሩት ትልቅ ቤት ቆይቶ የማዘጋጃ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። የከተማው የቤት ጉዳይ ከገበያው ጎን ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። ዋጋው በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይቆጠራል። በወረቀቱ ላይ ወሰን የሚነገረው በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ እየተባለ ነው። አዋሳኙ ሲሞት ወይም ቦታውን ሲሸጥ፣ መንገዱም ሲዞር፣ ወረቀቱ የሚናገርለት ቦታ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል። የአራዳ ፍርድ ቤቶች ከዚያ ዘመን ጀምሮ የወሰን ሙግት አልራቃቸውም።

የጣሊያን ወረራ ለሽያጩ ሥርዓት ብዙ የጨመረው ነገር የለም፤ የሰፈሩን ዋጋ ግን ቀየረ። ታላቁ ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ። አራዳም ፒያሳ የሚል ሁለተኛ ስም ይዛ የሱቅ፣ የቡና ቤትና የሲኒማ ሰፈር ሆነች። ከነፃነት በኋላ በዚህ አካባቢ ቤት መግዛት ማለት ባብዛኛው የሚከራይ ሱቅና ፎቅ መግዛት ማለት ነበር።

የዛሬውን ገዢ የሚያስጠብቁት ደንቦች አብዛኞቹ የተጻፉት በ1952 ዓ.ም በታወጀውና ከመስከረም 1953 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ጥንት በልማድ የነበረውን ቀብድ ሕጋዊ መልክ ሰጠው። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደንቡ ቀላልና ፍትሐዊ ይመስላል። ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት ጊዜ ግን ሻጭን አያስርም፦ ከሁለተኛ ገዢ የሚያገኘው ጭማሪ ከቀብዱ ከበለጠ እጥፉን መልሶ መገላገል ያዋጣዋል። የአራዳ ደላሎች ቀብድ ከፍ እንዲል የሚወተውቱት፣ ገዢውም ውሉ ሳይውል ሳያድር እንዲጻፍ የሚጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ ግን በቀብድ አላበቃም። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቁጥር 1185 ደግሞ ባለቤትነቱ በውል የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ ይህ መዝገብ እንዴት እንደሚደራጅ የሚዘረዝር ሰፊ ክፍል ነበረው፤ ያንኑ ክፍል ግን በመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቹ አግዶ በነጋሪት ጋዜጣ ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ሥራ ላይ እንደሚውል ደነገገ። ትእዛዙ ሳይወጣ ቀረ። ስለዚህ ሕጉ ባለቤትነትን በመዝገብ ላይ ሲያንጠለጥል መዝገቡ ራሱ አልነበረም፤ ቦታውን የያዘው የማዘጋጃ ቤት ፋይልና ካርታ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. በደቡብ አውስትራሊያ ሮበርት ቶረንስ ባስጀመረው ሥርዓት መዝገቡ ራሱ ባለቤትነት ነው፤ የተመዘገበው ሰው መብት በመንግሥት ዋስትና የተጠበቀ ስለሆነ ገዢው ወደኋላ ሄዶ የቀደሙትን ሻጮች ታሪክ መመርመር አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ ግን ካርታ በቁጥር 1195 መሠረት የባለቤትነት ግምት የሚያሰጥ ማስረጃ ነው፤ ግምቱም በተቃራኒ ማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። ገዢው የሻጩን ካርታ ብቻ አይቶ እንዳይረካ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ፒያሳ ላይ ሌላ መሰናክልም ነበር። ብዙ ሱቅና ቤት በአርመኖች፣ በግሪኮችና በሕንዶች እጅ የነበረ ሲሆን ቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። ከእንዲህ ያለ ሻጭ የሚገዛ ሰው ንብረቱ በሕግ የተያዘ መሆኑን ቀድሞ ማጣራት ነበረበት። ክልከላው ለአሥርተ ዓመታት ቆይቶ የውጭ ዜጎች በተወሰነ ሁኔታ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ የወጣው በ2017 ዓ.ም ነው።

በ1950ዎቹ የቤት ብድር የሚሰጡ ድርጅቶች ሲቋቋሙ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ገባ፤ ባንኩ ቤቱን በመያዣ ሳያስመዘግብ ገንዘብ አይለቅም፣ ሻጩም ገንዘብ ሳያይ ስም አያዛውርም። በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ከቸርችል ጎዳና ራስጌ ላይ የተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ1957 ዓ.ም አካባቢ ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ ምልልስ ከፒያሳ በእግር በሚደረስበት አንድ ሕንፃ ተሰበሰበ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ዓለም ገለበጠው። የከተማ መሬት በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ያለው ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የፒያሳ ፎቆችና ሱቆች ባብዛኛው በሁለተኛው ወገን ገቡ። ሽያጫቸው ተጀምሮ ያላለቀ ትርፍ ቤቶች ገዢም ሻጭም የሌላቸው ሆኑ።

አዋጁ ካስከተለው ሁሉ ለዛሬው ገዢ ከባዱ ግን የግቢው አከፋፈል ነው። በአራዳ አንድ ግቢ ማለት ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ዋና ቤት፣ ከጀርባው በመስመር የተሠሩ ለኪራይ የሚውሉ ሰርቪሶች፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃና አንድ በር ነው። አዋጁ ዋናውን ቤት ለባለቤቱ ትቶ ሰርቪሶቹን ለቀበሌ ወሰደ። አጥሩ ግን አልተነካም። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የግል ቤትና የቀበሌ ቤት በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ ኖሩ። የቀበሌው ተከራይ ግድግዳውን በአንድ ክንድ ገፍቶ ማድቤት ይቀጥላል፤ የባለቤቱ ልጅ ሲያገባ በጓሮ በኩል ክፍል ይጨምራል። ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጥ ሲነሣ ካርታው አንድ መጠን፣ የቀበሌው መዝገብ ሌላ መጠን፣ መሬቱ ላይ የወረደው ሜትር ደግሞ ሦስተኛ መጠን ይናገራል። የጋራ መተላለፊያው የማን ነው? ቧንቧው ያለበት ቦታ በማን ካሬ ይቆጠራል? ባለሙያው መጥቶ እስኪለካ፣ ልዩነቱ እስኪጸድቅ፣ አዋሳኞቹ እስኪስማሙ ድረስ ሽያጩ ባለበት ይቆማል። ቦሌ ላይ በማኅበር የተሠራ ቤት ሲሸጥ የማይነሣ ጥያቄ ነው፤ ሠራተኛ ሰፈርና ደጃች ውቤ ላይ ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ የመጡት ሕጎች መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ አድርገው አስቀጠሉ። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጎ በላዩ ላይ የተሠራውን የግል አደረገ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከሕግ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች እንዲመረመሩ ሲፈቅድ በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሱት በዚያ አልተካተቱም። ስለዚህ ገዢዎች አሁንም የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ቤቱ በ1967 ዓ.ም ምን እንደሆነ ነው። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ሌላ ድርብ ጨመረ፦ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ይይዛል። የአራዳ አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ ነባር ይዞታ በመሆናቸው ሽያጩ የይዞታውን ዓይነት ራሱን ይቀይረዋል።

ፍርድ ቤቶችም ገዢውን አንዴ ሲያስደነግጡ አንዴ ሲያረጋጉ ቆይተዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ሕጋዊ ውጤት እንደሌለው ወሰነ። በእማኞች ፊት ተፈራርሞ ዓመታት በቤቱ የኖረ ገዢ ሳይቀር እንደ ገዢ ላይቆጠር ሆነ። ችሎቱ በኋላ ሻጭ ውሉን ካልካደ የምዝገባ አለመኖር ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም ወደሚል አቋም መጥቷል። ሰው ሁሉ ግን ከመጀመሪያው ውሳኔ ትምህርቱን ወስዶ ነበር፤ ውል ወደሚያረጋግጠው የ«ውልና ማስረጃ» ቢሮ ሳይሄዱ ገንዘብ አለመክፈል የደላላው ምክር ሆነ።

በዚያ ቢሮ ደጃፍ የሚደርሰው ሻጭ የሚጠየቀው ካርታውን ብቻ አይደለም። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለበት፤ በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን ማስረጃ ያመጣል። ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑ ከክፍለ ከተማው ይጣራል፤ ከ1995 ዓ.ም ወዲህ የከተማው አስተዳደር በክፍለ ከተሞች ሲደራጅ የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ፋይሎች ስለተከፋፈሉ አሮጌ ፋይል ፍለጋው ራሱ ቀናት ይፈጃል። ለባለቤትነት ምዝገባው በ1990 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት የዋጋው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፈላል። ማን ቀድሞ ይስጥ የሚለውን አሮጌ ፍጥጫ ባሁኑ ጊዜ ያቃለለው ሲፒኦ የሚባለው የባንክ ክፍያ ማዘዣ ነው፤ ገዢው ገንዘቡ በባንክ መኖሩን ያሳያል፣ ሻጩ ፈርሞ ይቀበላል።

ስም ዝውውሩ ሲጓተት ሰዎች በውክልና ይሻገራሉ። ሻጩ ለገዢው ወይም ለታመነ ሰው ጉዳዩን እንዲጨርስ ሥልጣን ሰጥቶ ወደ ሥራው ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ዘዴው ሻጩ በሕይወት እስካለና እስካልሻረው ድረስ ይሠራል። ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ቤቱም ወራሾች እስኪታወቁ ይቆማል። የአራዳ አሮጌ ቤት ወራሾቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ ጅዳ፣ ሌላው እዚያው ግቢ ውስጥ። አንዱ የወራሽነት ማስረጃ እስኪያወጣ፣ ሌላው ውክልና እስኪልክ፣ የቀረው እስኪስማማ ድረስ አሥር ዓመት የቆየ ጉዳይ አዲስ ነገር አይደለም።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ እንዲሆን የታሰበው በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተጀመረው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ፣ በተለምዶ ካዳስተር የሚባለው ነው። ይዞታዎችን አንድ በአንድ ለክቶና አረጋግጦ በመዝገብ ማኖር፣ የ1952 ዓ.ም ሕግ ጀምሮት የተወውን ሥራ መሥራት ነው። ይሁን እንጂ ምዝገባው ወደ አሮጌው ማእከል ሲደርስ መልሶ ማልማትም አብሮ ደርሶ ነበር። በ2016 ዓ.ም የካቲትና መጋቢት የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ብዙ ቦታ ፈረሰ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳ የሚከፍለው በሕግ ለታወቀ ባለይዞታ ነው። ቀብድ ከፍሎ፣ ዋጋውን ጨርሶ፣ ካርታው ግን በስሙ ያልዞረለት ገዢ ለመንግሥት ባለይዞታ አይደለም፤ የሚጠይቀው ነገር ካለ የሚጠይቀው ሻጩን ነው።