የሊዛ አምስት ሩብል፦ በዶስቶየቭስኪ ተራኪ ላይ የቀረ ዕዳ

ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1864 «ኤፖኻ» በተባለው መጽሔት ባወጣው «የሥርቻው ሰው ማስታወሻዎች» ውስጥ ተራኪው በሴተኛ አዳሪዋ በሊዛ ላይ የሚያደርገው ነገር አንባቢን ግራ ያጋባል። ሌሊቱን ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ሰብኮ ያስለቅሳታል፤ አድራሻውንም ይሰጣታል። አምናው ቤቱ ስትመጣ ግን ይሰድባታል፤ መልሶ በፊቷ ተንሰቅስቆ ያለቅሳል፤ ስትሰናበተው ደግሞ መዳፏን ፈልቅቆ አምስት ሩብል ያስጨብጣታል። ለምን?

በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ፍልስፍና ላይ ብዙ ስለተጻፈ አልመለስበትም። ሙግቴ ከሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ከጆሴፍ ፍራንክ ጋር ነው። ፍራንክ በ1961 ባወጣው ጥናት የሊዛ ታሪክ «የወደቀችን ሴት ማዳን» በሚለው የዘመኑ የሥነ ጽሑፍ ወግ ላይ የተሰነዘረ ምፀት ነው ይላል፤ ተራኪውም መጽሐፍ ያሰከረው ሮማንቲክ ነው። ለሌሊቱ ስብከት ይህ ይበቃል። ሊዛ ራሷ ንግግሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ እንደሚመስል ነግራዋለች። ለአምስቱ ሩብል ግን አይበቃም።

ፍራንክ ያለፈውን ሒሳብ እንመርምር። ተራኪው ሊዛ ወዳለችበት የሴተኛ አዳሪዎች ቤት የሄደው ከቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛው ከሲሞኖቭ ተዋርዶ በለመነው 6 ሩብል ነው። በማግስቱ ከአለቃው 15 ሩብል ይበደርና 6ቱን ሳይውል ሳያድር ይመልሳል። የአሽከሩን የአፖሎንን 7 ሩብል ደመወዝ ግን፣ ገንዘቡ መሳቢያው ውስጥ እያለ፣ አሽከሩ ቀርቦ ይለምነኝ ብሎ ይይዝበታል። ለዚህ ሰው ተበዳሪ መሆን ከበታች መዋል ነው፤ አበዳሪ መሆን ደግሞ ከበላይ። ሊዛ ግን ስድቡን ሰምታ ከስድቡ ሥር ያለውን መከራ አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ አቀፈችው። ከሲሞኖቭ ብድር የሚከብድ ብድር ይህ ነው። አምስቱ ሩብል የስድብ ማሳረጊያ ብቻ አይደለም፤ ዕዳን ለመዝጋት የተደረገ ሙከራ ነው። ርኅራኄዋን ዋጋ ባለው ነገር ለውጦ እኩል ለመሆን ፈለገ።

ተራኪው ራሱ ጭካኔው ከልብ ሳይሆን ከጭንቅላትና ከመጽሐፍ እንደመጣ ተናዟል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁንና በገዛ ጉዳዩ ተከሳሽም ምስክርም የሆነን ሰው ቃል እንደ ፍርድ መቀበል አይቻልም። በእርግጥ የእኔ ንባብ የመጨረሻው ነው አልልም፤ ነገር ግን የታሪኩን መዝጊያ ከምፀቱ ይልቅ ሒሳቡ ይገልጠዋል።

ሊዛ ከወጣች በኋላ ተራኪው ጠረጴዛው ላይ የተጨማደደች ሰማያዊ ወረቀት ያያል፤ ያቺው አምስት ሩብል ናት። ወደ በረዶው ሮጦ ይወጣል፤ አያገኛትም። 24 ዓመቱ ላይ የደረሰውን ይህን ነገር 40 ዓመት ሲሆነው የሚጽፈው፣ መጻፉንም ቅጣት የሚለው፣ ገንዘቡ ተመልሶ ዕዳው ስለቀረበት ነው።