የታላቁ ብላስኬት መንደር፦ ኑሮውና ቃሉ

በአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በኬሪ አውራጃ፣ የዲንግል ባሕረ ገብ መሬት ከሚያበቃበት ማዶ ታላቁ ብላስኬት የሚባል ደሴት ይገኛል። ከፊት ለፊቱ ካለው ከዱን ክዊን መንደር የሚያደርሰው የባሕር መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በብርድ ወራት ማዕበሉ ሲነሣ ለሳምንታት የማይሻገሩት ርቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 በዚህ ደሴት 176 ሰዎች ይኖሩ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ዛሬ የመንደሩ ቤቶች አብዛኞቹ ፍርስራሽ ናቸው። ቤተ ክርስቲያንም ሐኪምም ያልነበረው ይህ ትንሽ መንደር የአገሩን ሥነ ጽሑፍ ያበለጸጉ መጻሕፍትን ማፍለቁ፣ ይህም ሆኖ ከመጥፋት አለመዳኑ፣ ልንመረምረው የሚገባ ታሪክ ነው።

የደሴቱ ሰዎች ድንችና አጃ ይዘሩ፣ በግ ያረቡ፣ ለማገዶ የሚሆን አተላማ አፈር ከተራራው እየቆፈሩ ያደርቁ ነበር። ዋናው መተዳደሪያቸው ግን ዓሣ ማጥመድ ነበር። ናይቮግ የተባለችው ጀልባቸው ከቀጫጭን እንጨት ተዋቅራ፣ ሬንጅ የተቀባ ሸራ የለበሰች ናት። ወደ ባሕር የምትወርደውም በግልባጭ ተደፍታ በሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ጀልባዋን አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከማትም ሊቀዝፋትም አይችልም። ከዚህም የተነሣ መተባበር ለደሴተኛው ምክር ሳይሆን የዕለት እንጀራው ነበር። መሬቱ ለረጅም ዘመን የባለርስት ይዞታ በመሆኑ ገበሬው ኪራይ ይከፍል ነበር። በ1907 የመንግሥት ቦርድ ደሴቱን ገዝቶ የተበጣጠሰውን ማሳ እንደገና አደላደለ፤ ጥቂት አዳዲስ ቤቶችንም ሠራ።

ማታ ማታ ሰው በምድጃ ዙሪያ ተሰብስቦ ተረት፣ ግጥምና የአያት የቅድመ አያት ወሬ ይሰማ ነበር። ቋንቋው አይሪሽ ነው። በ1864 የተከፈተው ትምህርት ቤት ግን ማንበብና መጻፍን ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነበር። በመሆኑም የቃል ሀብቱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ፊደል አልቆጠረም። ዓሣ አጥማጁ ቶማስ ኦክሮሃን አይሪሽ ማንበብን የተማረው ከጎለመሰ በኋላ ነው። በ1917 ወደ ደሴቱ የመጣው ብራያን ኬሊ የማክሲም ጎርኪንና የፒየር ሎቲን ሥራዎች እያነበበ አሰማው፤ የተራ ሰዎች ኑሮም ለመጽሐፍ እንደሚበቃ አሳየው። በዚህ ግፊት የጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ «የደሴቱ ሰው»፣ በ1929 ታተመ። በ1933 ወጣቱ ሞሪስ ኦሰሊቫን ስለ ልጅነቱ የጻፈው መጽሐፍ ተከተለ። ታዋቂዋ ተራኪ ፔግ ሴየርስ በአይሪሽ መጻፍ ስለማትችል ታሪኳን በቃሏ እየተናገረች ልጇ ጻፈላት፤ በ1936ም ታተመ። መጽሐፉ በአየርላንድ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ማስተማሪያ ሆነ።

መጻሕፍቱ በአገሩ ሲነበቡ መንደሩ ግን እየሳሳ ሄደ። ወጣቶቹ ወደ አሜሪካ፣ በተለይም በማሳቹሴትስ ወደምትገኘው ስፕሪንግፊልድ ተሰደዱ። በ1941 ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጥቶ ተዘጋ። በ1947 መባቻ አንድ ወጣት በማጅራት ገትር ታመመ፤ ባሕሩ ተናውጦ ስለነበር ሐኪም ሳይደርስለት ሞተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነዋሪዎቹ ምግብ እንዳለቀባቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዴ ቫሌራ በቴሌግራም አመለከቱ፤ እሳቸውም በበጋው ደሴቱን ጎበኙ። ውሳኔው ግን ዘገየ። ሕዝቡ ራሱ የጠየቀው መዘዋወር የተጀመረው ኅዳር 17 ቀን 1953 ሲሆን፣ የቀሩት ሰዎች ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ።

በ1993 በዱን ክዊን የደሴቱን ቅርስ የሚያሳይ ማዕከል ተከፈተ። ጎብኚው እዚያ ቆሞ ባዶውን መንደር ከማዶ ያየዋል። የብላስኬት ቃል ሊተርፍ የቻለው ተናጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ የሚያዳምጣቸው ሰው ስለመጣና ጥቂቶቹም በቋንቋቸው መጻፍን ስለተማሩ ነው። መንደሩን ለማቆየት ግን ማድነቅ ብቻውን አልበቃም፤ ሐኪም በጊዜው የሚሻገርበት መንገድም ያስፈልግ ነበር። የሕዝብን ቃል የሚሰበስብ መምህርም ሆነ የኪነ ጥበብ ሰው ቃሉን ሲመዘግብ የተናጋሪውንም ኑሮ መጠየቅ እንዳለበት የዚህ መንደር ታሪክ ያስተምራል።