ፔንቲየም 4 እና ኮር 2 ዱዎ፦ ከነፋስ ስልክ የጽሕፈት ቤቶች

በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ በጽሕፈት ቤቶችና በኢንተርኔት ካፌዎች ካገለገሉት ፕሮሰሰሮች መካከል ሁለት የኢንቴል ትውልዶች ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 ለገበያ የቀረበው ፔንቲየም 4 ከፍተኛ የጊጋኸርዝ ቁጥር ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ በመጨረሻም 3.8 ደረሰ። ይህ ቁጥር ግን ገዢን ያሳስት ነበር። በ2004 በወጣው፣ ፕሬስኮት በተባለው የፔንቲየም 4 ዓይነት አንድ ትእዛዝ እስኪፈጸም 31 ደረጃዎችን ያልፋል፤ ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ትእዛዝ በስህተት ከገመተ የተጀመረው ሥራ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። ሙቀቱም ብርቱ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሞዴሎች 115 ዋት ያመነጩ ስለነበር አቧራ የያዘው ማራገቢያ ብዙ ይፈተን ነበር።

በጁላይ 2006 የመጣው ኮር 2 ዱዎ ደረጃዎቹን ወደ 14 አሳጠረ፤ ሁለት ኮርም ያዘ። 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሆነው ኢ6600 በ65 ዋት እየሠራ የ3.8ቱን ፔንቲየም 4 በአብዛኛው ሥራ ይቀድማል። ይህ በእርግጥ ትልቅ እመርታ ነው።

ለአማርኛ ደብዳቤ ጽሕፈት ሁለቱም ይበቃሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ጸረ ቫይረሱ እየፈተሸ ተጠቃሚው ቪዲዮ ሲከፍት ነው። ቀደምቶቹ ፔንቲየም 4ዎች ዊንዶውስ 8ን አይቀበሉም፤ ኮር 2 ዱዎ ግን ዊንዶውስ 10ንም ያስኬዳል።