ከዳ፣ ካደ፣ ባንዳ

«ጉልበቴ ከዳኝ» ትል ነበር አያቴ። ፋርጣ ውስጥ ከሚገኘው መንደሯ ተነሥታ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ለመሳለም ዳገቱን ስትያያዘው፣ ገና እኩሌታው ሳትደርስ ትቆምና በትሯን ተደግፋ ይህንኑ ትናገራለች። ልጅ ሆኜ ቃሉ ይገርመኝ ነበር። ጉልበት እንዴት ይከዳል? «ደከመኝ» ማለት ሲቻል «ከዳኝ» ምን አመጣው? አሁን ሳስበው ግን አያቴ ቃሉን በትክክለኛ ቦታው ነበር ያዋለችው። የሚከዳን የራሳችን የሆነ ነገር ብቻ ነው። የጎረቤት ጉልበት አይከዳንም። ጠላትም አይከዳንም፤ ጠላት ቢወጋን ሥራው ነው። መክዳት የሚችለው ትናንት ተደግፈንበት የነበረው ነው።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ሁለት ግሦች አሉት፤ ላላስተዋለ ጆሮ አንድ ይመስላሉ። «ካደ» እና «ከዳ»። ብድሩን ካደ፣ ሃይማኖቱን ካደ እንላለን፤ የሚካደው እውነት ነው፣ ሥራውም የአፍ ሥራ ነው። ጌታውን ከዳ፣ ጓደኛውን ከዳ ስንል ግን የሚከዳው ሰው ነው፣ ሥራውም የእግር ሥራ ነው፤ ጥሎ መሄድ። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ዋሸ እንጂ ጌታውን አልሸጠም፤ አልቅሶም ተመለሰ። ለይሁዳ መጽሐፍ የሰጠው ሐረግ ሌላ ነው፤ «አሳልፎ ሰጠ»። የላቲኑ ትራዴሬም በጥሬው ማቀበል፣ አሳልፎ መስጠት ማለት ነው፤ እንግሊዞች ከሀዲውን ትሬይተር የሚሉት ከዚያ ወስደው ነው። ትራዲሽን የሚሉት፣ እኛ ትውፊት የምንለው፣ የወጣውም ከዚያው ግሥ ነው። አባት ለልጁ ያቀበለውም ይሁዳ ለካህናቱ ያቀበለውም በአንድ ግሥ መጠራቱን ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

እንግዲህ «ከዳ» የሚለውን ግሥ ለመማር ከደብረ ታቦር የተሻለ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ከተማዋ በራስ ጉግሣ ዘመን የተቆረቆረች የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። በዚያ ዘመን ሰውን ከሰው የሚያስረው እንጀራ ነበር። የጌታውን ግብር የበላ፣ ጠመንጃውን የተሸከመ፣ ርስቱን ወይም ጉልቱን በእጁ የተቀበለ ሰው ያንን ጌታ ትቶ ወደ ሌላው ድንኳን ከገባ «ከዳ» ይባላል። አገር የሚባለው ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙም አይገባም።

በ1834 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ በ1842) እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ የስሜኑና የትግራዩ ደጃዝማች ውቤ ከራስ አሊ ጋር ተዋጉ። የውቤ ጦር አሸነፈ፤ ራስ አሊ ሸሹ። አሸናፊው ድንኳን ውስጥ የድል ድግስ ሲበላና ሲጠጣ ግን የአሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ውቤን ማረኳቸው። ጠዋት የተሸነፈው ሰውዬ ማታ አሸናፊ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። ራስ አሊ ውዬ አድሬ ልበቀል አላሉም፤ ውቤን ፈቱ፣ ግዛታቸውንም መለሱላቸው። ጠላትነትም ታማኝነትም እንደ እህል የሚሰፈር፣ የሚመለስ፣ ሂሳቡ የሚዘጋ ነገር ነበር።

ከአሊ ጋር የነበረውን ሂሳብ በመጨረሻ የዘጋው ግን አማቻቸው ነው። የቋራው ካሣ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፤ ሹመት ተቀበለ፤ በኋላ ተነሣባቸው፤ የአሊን እናት እቴጌ መነንን ማረከ፤ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ድል ነሥቶ ዘመነ መሳፍንትን ዘጋ። አንባቢዬ ልብ ይበሉልኝ፤ እንጀራ የበላ፣ ልጅ የተዳረለት ሰው ነው። ግን ካሣን «ከዳተኛ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። «ሸፈተ» ነው የምንለው። ሸፈተ የሚለው ቃል ክብር አለው፤ ሽፍታ በግላጭ ይወጣል፣ ዱር ይገባል፣ ራሱን ለሞት ያቀርባል። ከጊዜ ብዛት ደግሞ ድል የቀናው ሽፍታ ንጉሥ ይሆናል፣ ታሪክ ጸሐፊም ይቀጠርለታል።

ተቀጠረም። አለቃ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን የመጀመሪያ ዓመታት በአማርኛ ሲጽፉ ብዕራቸው በአድናቆት የተነከረ ነበር። የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል ግን የኋለኛውን ዘመን፣ በተለይ በበጌምድር ላይ የወረደውን መዓት፣ ሳይሸፋፍን ይነግረናል። ንጉሡ በደብረ ታቦር ሲከትሙ፣ በአጠገቧ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ሴባስቶፖልን ሲያቀልጡላቸው፣ ወታደሩ በየሌሊቱ እየከዳ ያልቅ ነበር። ገበሬው የተዘረፈበት፣ መንደሩ የተቃጠለበት ወታደር ወዴት ይሂድ? በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለው ያንን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ የቀራቸው ጦር የቀድሞው ጥላ ብቻ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችን ይህንን ገልብጠው ነገሩን። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔትም፣ ብቸኛውን ታላቅ ሰው አቆሙልን። አልቅሰን አንብበናቸዋል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ሆኖም በእነዚህ ድርሰቶች የምናዝነው ለተከዳው ንጉሥ ነው፤ ለከዳው የፋርጣ ወታደር፣ ቤቱ ለነደደበት፣ የሚያለቅስለት ደራሲ ገና አላገኘሁም። በዚያ ሌሊት ከሰፈሩ ሾልኮ የወጣው ሰው ማንን ነበር የከዳው? ጌታውን? ወይስ ጌታው ቀድሞ ከድቶት ነበር?

የጣሊያኑ ዳንቴ የሲኦልን የመጨረሻ አዘቅት ለከሀዲዎች ሲሰጥ በሰይጣን ሦስት አፍ ውስጥ ይሁዳን፣ ብሩተስንና ካስዩስን አስቀምጧል። ሦስቱም ጌቶቻቸውን የከዱ ናቸው። የዘመነ መሳፍንት ሰው ቢያነበው አንዲት ነገር አይቃወምም ነበር። የዛሬው ኢትዮጵያዊ ግን «አገሩን የሸጠው የታለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በመካከል የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው።

ለውጡን በሁለት አማቾች ማየት ይቻላል። በ1928ቱ ጦርነት መጀመሪያ ላይ የምሥራቅ ትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ አግብተው የነበሩት፣ ለጣሊያን ገቡ። ካሣም አማች ነበር፣ ኃይለ ሥላሴ ጉግሣም አማች ነበሩ። አንደኛው ጀግና፣ ሁለተኛው የከሀዲ ምሳሌ ሆነው ቀሩ። ልዩነቱ በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው የባዕድ ጦር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ «ከዳ» የሚለው ቃል አልበቃ አለ። ቋንቋችንም ቃሉን ከራሱ ከጠላት ተዋሰ።

«ባንዳ» በጣሊያንኛ ጭፍራ፣ ቡድን ማለት ነው፤ የሙዚቃ ባንድ የምንለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ጣሊያኖች ኤርትራ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ መደበኛ ላልሆነው የአገሬው ጦራቸው የሰጡት የደመወዝ መዝገብ ስም ነው፤ ስድብ የለበትም። ስድቡን የጨመርንበት እኛ ነን። ኖርዌጂያኖች ለናዚ ካደረው ከክዊዝሊንግ የአንድ ሰው ስም ወስደው ለዓለም ቋንቋ አበረከቱ፤ እኛ ግን የአንድ ሰው ስም አልበቃንም፣ የጭፍራውን ስም ወሰድን። አያድርስ ነው።

አሁን ይህንን ቃል ይዘን ወደ ኋላ ስንመለስ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ደጃዝማች ካሣ ምርጫ በ1860 ዓ.ም. ለናፒየር ጦር መንገድ ሰጡ፣ ስንቅ እንዲሸጥለት ፈቀዱ፣ ሲመለስም መድፍና ጠመንጃ ተቀበሉ። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው ብዬ አልከራከርም። ግን «ባንዳ» የሚላቸው ሰው ሲገጥመኝ እጠይቀዋለሁ፤ ጉንዴትና ጉራ ላይ ግብፅን የመለሰው፣ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ደሙን ያፈሰሰው ዐፄ ዮሐንስ ማን ነበር? ቴዎድሮስ ባቃጠሏት ደብረ ታቦር፣ ሰማራ ላይ፣ ቤተ መንግሥት ሠርተው የተቀመጡትስ? በ1860 ዓ.ም. ሰዎች ከቴዎድሮስ ከዱ፤ ከ«ኢትዮጵያ» ከዱ ለማለት የሚያስችለው ሚዛን ገና በሁሉም እጅ አልነበረም።

ሚዛኑ ሲፈጠር ያየሁት አንቺም ላይ ነው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ ተነሥተው ሲዘምቱ፣ አውሮፕላን በሰማያቸው ላይ መጣ። ከቦምቡ በፊት የጣለው ወረቀት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ግዝት ያለበት። ወረቀቱ ወታደሩን ጌታህን ካልተውክ አንተም ተገዝተሃል ይለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የበጌምድር ጭፍራ ከሀዲ ላለመባል ጌታውን እንዲከዳ ከሰማይ ታዘዘ። ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን እዚያው ወደቁ።

ይህ አገር የአብነት ተማሪ አገር ነው፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ማስመስከሪያ የሆኑበት። ስለዚህም ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ቅኔ «ውስጠ ወይራ» መባሉን ያልሰማ ጥቂት ነው። በአምስቱ ዓመት ቃሉ በሰው ላይ ተሠራበት። በቀን ለጣሊያን የሚያገለግል፣ በሌሊት ጥይትና ወሬ ወደ ጫካ የሚያሻግር ሰው «የውስጥ አርበኛ» ተባለ። ከባንዳነቱ አምልጦ፣ ጠመንጃውን እንደያዘ ለአርበኞች የሚገባውስ? ለእርሱ የተሰጠው ግሥ ያው አሮጌው ነው፤ «ከድቶ ገባ»። ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ፣ ከድቶ መግባት የጀግና ሥራ ሆነ።

አያቴ መንደር አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆች ሆነን ስናልፍ ከኋላቸው አንድ ስም እንወረውርባቸው ነበር፤ ከየት እንደሰማነው አላውቅም። አንድ ቀን ቡና እየተፈላ ሳለ አያቴን ጠየቅኋት።

«እምዬ፣ እሳቸው ባንዳ ነበሩ ይባላል፤ እውነት ነው?»

ጀበናውን ከምድጃው አወረደች። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ሲኒዎቹን ደረደረች።

«ነበሩ» አለች። «ኋላ ከዱና ገቡ። ጠመንጃቸውንም ይዘው ነው የገቡ። ሁለተኛ እንዲያ ብላችሁ እንዳልሰማ። በል ተነሥ፣ ይህን አቦል ወስደህ ስጣቸው፤ በረዶ ሳይሆን።»