የደበዘዘ ቱታና የቀለም ታሪክ

የሕፃን ልብስ አያረጅም፤ ባለቤቱ ቀድሞት ያድጋል። ስለዚህ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከአክስት ልጅ ወደ ጎረቤት ልጅ ሲዞር ይኖራል። ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙ ግን በየእጥበቱ ይሄዳል። ዛሬ ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለውን ልብስ በጨርቅ ቀለም ቤታቸው ነክረው እንደ አዲስ ያደርጉታል። ጥሩ ዘዴ ነው። እኛም “ይሄ ነገር ከየት መጣ?” ብለን ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ከጠበቅነው በላይ ጠቆር ያለ ታሪክ ገጠመን።

ነገሩን ከነጭ እንጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ሕፃን የሚለብሰው በአብዛኛው ነጭ ነበር፤ ወንዱም ሴቷም ነጭ ቀሚስ። ምክንያቱ ቅልል ያለ ነው፦ ሕፃን ያቆሽሻል፣ ነጭ ጥጥ ደግሞ ይቀቀላል፣ በማንጫ ይነጣል። ከተክል የሚገኘው የዚያን ጊዜ ቀለም ግን ብዙው ይህን ሁሉ መከራ አይችልም። ያልተቀለመ ነገር ደግሞ አይለቅም!

እ.ኤ.አ. በ1856 የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ተማሪ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በኬሚስትሪ ለመሥራት ለንደን ቤቱ ውስጥ ሲታገል፣ መድኃኒቱ ቀርቶ ጥቁር ዝቃጭ አገኘ። በአልኮል ሲያሟሟው ወይን ጠጅ ቀለም ወጣው። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ከሚገኘው አኒሊን የተሠራ ቀለም ነበር። ከዚያ በኋላ ቀለም የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀረ። በ1880ዎቹ “ዳይመንድ ዳይስ” የተባለው የአሜሪካ የቤት ውስጥ ቀለም በትንሽ ፓኬት 10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። እናቶች ውሃ ጥደው የቤተሰቡን አሮጌ ልብስ መንከር ያዙ።

ቀለም ወደ ሕፃናትም ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በ1918 አንድ የአሜሪካ የሕፃናት ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት “ሮዝ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለሴት” ብሎ መክሮ ነበር፤ ሮዝ ደመቅ ያለና ጠንካራ፣ ሰማያዊ ደግሞ ለስላሳ ነው በሚል። እንግዲህ ዛሬ “ወንድ ልጄ ሮዝ አይለብስም” ብላችሁ ቱታውን ሰማያዊ ልትነክሩ የተነሳችሁ ካላችሁ፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ እንኳ በቅጡ ያልሞላውን ልማድ እያስከበራችሁ ነው።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። በ1886 ሬይነር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ቆዳና ከንፈራቸው እየጠቆረ ሰማያዊ ሲሆን አስተዋለ። ጥፋተኛው የሽንት ጨርቃቸው ላይ የታተመው የአኒሊን ቀለም ነበር። አኒሊን በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ሄሞግሎቢንን ቀይሮ ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅተው ያደርጋል። የጨቅላ ገላ ደግሞ ይህን የመመለስ አቅሙ ደካማ ነው። ተመሳሳይ ሪፖርቶች እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቀጠሉ። ማኅተሙ የታተመበት ጨርቅ ሕፃኑ ላይ ከመዋሉ በፊት በደንብ ቢታጠብ ኖሮ ብዙው ይቀር ነበር። በ1895 ደግሞ ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ሬን በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር ማየቱን ዘገበ። ርካሹን ቀለም ያመጣው ኬሚስትሪ ሂሳቡን ከሠራተኛውና ከሕፃኑ ነበር የሚቀበለው።

የዛሬው የቤት ቀለም ያ አኒሊን አይደለም። በ1956 የእንግሊዙ አይ ሲ አይ ኩባንያ ከጥጥ ክር ጋር በኬሚካል ትስስር የሚጣበቅ ቀለም ለገበያ አቀረበ፤ እንዲህ ያለው ቀለም በእጥበት ቶሎ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2002 ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ሊለቁ የሚችሉ አዞ የተባሉ ቀለሞችን ከቆዳ ጋር በሚነካካ ልብስ ላይ ከለከለ። ቢሆንም የድሮው ትምህርት ዛሬም ይሠራል። ፖሊስተር ልብስ በተራ ቀለም በደንብ አይያዝም፤ የራሱ ቀለምና ኃይለኛ ሙቀት ይፈልጋል። ቱታው ጥጥ ሆኖ የተሰፋበት ክር ፖሊስተር ከሆነ ስፌቱ በድሮ ቀለሙ ይቀራል። ቀለም ነባሩን አያጠፋም፣ ይደርብበታል፤ ቢጫ ላይ ሰማያዊ ብትደርቡ አረንጓዴ ታገኛላችሁ። የወተት እድፍም ከሥሩ ብቅ ሊል ይችላል። የነከራችሁበትን ድስት ወደ ወጥ አትመልሱት።

ዋናው ግን ማለቅለቁ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ ከዚያ በሳሙና እጠቡ፤ እንደገና አለቅልቁ። ሕፃን ልብሱን ይለብሳል ብቻ ሳይሆን ይጠባዋል፣ ያኝከዋል። በነጭ ጨርቅ አሽታችሁ እዩት፤ ቀለም ከለቀቀ ገና አልጨረሳችሁም። የ1886ቱ ሕፃናት ይህን የሚያደርግላቸው አላገኙም ነበር።