ሸክላ የገባበት ፕላስቲክ

ስሙኝማ! የዛሬው ወሬ ከጭቃ ይነሳል። ፈረንሳይ አገር ሞንሞሪዮን የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1847 እዚያ ለተገኘ ለስላሳ የሸክላ ማዕድን በከተማዋ ስም ሞንሞሪሎናይት የሚል ስም ወጣለት። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ለረጅም ዘመን ለፕላስቲክ ይሆናል ብሎ ያሰበው እምብዛም አልነበረም።

አሁን ጃፓን እንሻገር፤ ጊዜው 1980ዎቹ ነው። በቶዮታ ማዕከላዊ የምርምር ላብራቶሪ እነ አሪሚትሱ ኡሱኪ ይህን ጭቃ ከናይለን ጋር አዋሃዱት። ስንት ጨመሩበት ቢባል ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። ናይለኑ ግን ጭነት ተሸክሞ የሚችለው ሙቀት ከ65 ዲግሪ ወደ 150 ገደማ ዘለለ! ቶዮታም ወስዶ የታይሚንግ ቺንጋ መሸፈኛ አደረገው።

ጉዱ ያለው ከውስጥ ነው። ይህ ሸክላ ሲያዩት ዱቄት ነው እንጂ፣ እያንዳንዷ ቅንጣት በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ናት። የአንዱ እንጀራ ውፍረት 1 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ሚሊዮኑ ቢደረደር አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ስፋቱ ግን ከውፍረቱ መቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ፕላስቲኩ በየመሃሉ ገብቶ ከለያያቸው፣ በጣት የምትቆነጠር ሸክላ የትየለሌ ገጽ ትዘረጋለች። ካልገባ ግን የተጨመረው ተራ አፈር ነው፤ ድካሙም ከንቱ።

ናይለን አይበሰብስም። ስለዚህ ዓይኖች ሁሉ መበስበስ ወደሚችለው ፖሊላክቲክ አሲድ ዞሩ። የበቆሎ ስኳር ተብላልቶ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው እሱው ነው። ያ አሲድ በሰንሰለት ሲያያዝ ፕላስቲክ ይወጣዋል። መልኩ ያማረ፣ ጠባዩ ግን የከፋ፤ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል፣ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል። በ1997 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ፕላስቲኩን በክሎሮፎርም አሟሙተው ሸክላ ጨመሩበት። ሸክላው አልተበተነም፤ ተቆላልፎ እንደ ጓል ቀረ።

ችግሩ ከሸክላው ጠባይ ይጀምራል፤ ጥሬው ሸክላ ውሃ ወዳድ ነዋ! በየድርቡ መሃል ሶዲየም ተቀምጦ ውሃ ይጠራል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ከቅባት ወገን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሽምግልና ያስፈልጋል። ሸክላው በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ረጅም የካርቦን ጭራ ያለው የአሞኒየም ጨው ይጨመርበታል። ሶዲየሙ ቦታውን ለቆ ይወጣል፣ ባለጭራው ይገባል፣ ነጭ አተላም ይዘቅጣል። ከዚያ ማጠብ ነው፣ አሁንም ማጠብ። መቼ ይበቃል? ከእጣቢው ላይ ትንሽ ተቀድቶ የብር ናይትሬት ጠብ ይደረግበታል። ከደፈረሰ ከጨው የመጣው ክሎራይድ ገና አልለቀቀም፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ከቀረ በቃ። የሚቸኩል ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህች ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ከደረቀው ፕላስቲክ ጋር 200 ዲግሪ አካባቢ በሚሽከረከር ማቅለጫ ውስጥ ይታሻል። ፕላስቲኩ እርጥበት ይዞ ከገባ በዚያ ሙቀት ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፤ ማድረቁን የናቀ ውጤቱን አይጠብቅ።

ገባ ወይስ አልገባም? ምስክሩ ኤክስሬይ ነው። ጥሬው ሸክላ 7 ዲግሪ አካባቢ ጉብታ ያሳያል፤ ክፍተቱ 1.2 ናኖሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ፕላስቲኩ ሰርጎ ሲገባ ክፍተቱ ወደ 3 ይሰፋል፣ ጉብታውም ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል። ጨርሶ ሲጠፋስ? እልል የሚሉ አሉ፤ «ተበተነልን!» ብለው። እኔ ግን አልቸኩልም። ሸክላው ስላነሰ ወይም ድርድሩ ስለተዛባም ጉብታው ይጠፋል። ፕላስቲኩ በአልማዝ ቢላ ከ100 ናኖሜትር በታች ሳስቶ ተቆርጦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው እውነቱ የሚወጣው፤ ጥቋቁር ክሮች ተበትነው ከታዩ ተሳክቷል፣ ጥቁር ጓል ከታየ ደግሞ ወደ ማጠቢያው መመለስ ነው።

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። በ2002 ናጎያ በሚገኘው የቶዮታ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሱፕራካስ ሲንሃ ሬይና ማሳሚ ኦካሞቶ በዚሁ መንገድ የሠሩትን ፕላስቲክ 58 ዲግሪ በሚግል ኮምፖስት ቀበሩት። የሚጠበቀው ምን ነበር? የሸክላው ድርብ አየርና እርጥበት የሚያልፍበትን መንገድ ስለሚያጠማዝዝ፣ መበስበሱም ይዘገያል የሚል ነበር። የመጀመሪያውን ወር ሸክላ ያለውም የሌለውም እኩል ሄዱ። ከዚያ ግን ሸክላ ያለው ቁልቁል ተንደረደረ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው አለቀ! ተመራማሪዎቹ ነገሩን በሸክላው ጠርዝ ላይ ባሉ የሃይድሮክሲል ቡድኖች አሳበቡ፤ ከኮምፖስቱ የመጣውን ውሃ ይዘው ሰንሰለቱን በየቦታው ይቆርጣሉ ባይ ናቸው። ሸክላው የለበሰው ጨው ሲለወጥ ደግሞ ፍጥነቱም ይለወጣል።

ይህን የሰማ ነጋዴ «በራሱ ይጠፋል» ብሎ ቢያስተዋውቅ አይግረማችሁ። 58 ዲግሪ ግን የፋብሪካ ኮምፖስት ሙቀት ነው። ከዚህ ፕላስቲክ የተሠራ ኩባያ ቀዝቃዛ ቦይ ውስጥ ከተጣለ፣ ሸክላ ኖረውም አልኖረው፣ ገና ብዙ ክረምት ያሳልፋል።