ፈረንጅ፦ ከባቡሩ በፊት የነበረ ስም

የፖርቱጋል ልዑካን ኢትዮጵያ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጠው፣ ሚያዝያ 1518 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ መርከብ ተሳፍረው ከሄዱ በ2018 ሚያዝያ 500 ዓመት ይሞላል። ድግስ የሚደግስለት ቀን አይደለም። እኔ ያነሣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰዎቹ የተጠሩበት ቅጽል ስም እስከ ዛሬ ከአፋችን ስላልወጣ።

ፈረንጅ ከየት መጣ ቢባል፣ ቡና ላይ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ከፈረንሳይ። የጅቡቲን ባቡር የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሕዝቡም ነጭ በብዛት ያየው ያኔ ስለሆነ ሁሉንም በፈረንሳዮቹ ስም ጠራ ይባላል። ወሬው ይጥማል። ችግሩ ስሙ ከባቡሩ በብዙ መቶ ዓመታት መቅደሙ ነው።

ምንጩ ፍራንክ ነው። ፍራንኮች በዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር መንግሥት ያቆሙ የጀርመን ነገዶች ናቸው። ፈረንሳይም ስሟን ያገኘችው ከእነሱ ስለሆነ ሁለቱ ቃላት የአክስት ልጆች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም። እ.ኤ.አ. ከ1096 ጀምሮ የመስቀል ጦረኞች ወደ ኢየሩሳሌም ሲጎርፉ፣ ዐረቦች ኖርማኑንም ጣሊያኑንም ጀርመኑንም ሳይለዩ ኢፍራንጅ አሏቸው። ግሪኮቹ ግን ሩም ነበሩ። ስለዚህ ስሙ በመጀመሪያ የቆዳ ቀለም ሳይሆን፣ የሮማን ጳጳስ የሚከተል የባሕር ማዶ ሰው መለያ ነበር። ፋርሶች ፈረንግ፣ ታይላንዶች ፋራንግ ብለው ወሰዱት። እኛ ዘንድ በግዕዝ መጻሕፍት አፍርንጅ ሆኖ ገባ።

በ1520 እ.ኤ.አ. ከአምባሳደሩ ከሮድሪጎ ዴ ሊማ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ይህን አጠራር ደጋግሞ ያነሣል። በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ቀድመዋቸው የነበሩ ፈረንጆች ሊጠይቋቸው መጡ። አብዛኞቹ የጄኖዋ ሰዎች፣ ሁለቱ ካታላን፣ አንዱ ከኪዮስ ደሴት፣ አንዱ ባስክ፣ አንዱ ጀርመን ነበሩ፤ በቱርኮች ተማርከው ያመለጡ ናቸው። ፈረንሳዊ የሚባል አንድም የለበትም። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ፣ አገሬው መርቆሬዎስ የሚለው፣ ዘመኑን እዚሁ የፈጀ የቬኒስ ሠዓሊም ነበር። አልቫሬዝ የሰውየውን ጨዋነት ከመሰከረ በኋላ ሠዓሊነቱን እንደ ጉድለት ጣል ያደርጋል። የሊዝበንም ሰው የእጅ ባለሙያ ይንቅ ኖሯል።

ከሁሉም ልብ የሚይዘው ግን ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። በ1487 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዦአዎ ለስለላ የላከው፣ ዐረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነበር። ነጋዴ መስሎ ካሊከትን፣ ሆርሙዝን፣ ሶፋላን አየ፤ ካይሮ ተመልሶ ያየውን ለንጉሡ ጻፈ፤ መካና መዲናንም ረገጠ፤ በመጨረሻ በዘይላ በኩል ዐፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። እስክንድር በክብር ተቀብሎ በደህና እንደሚሸኘው ቃል ገባለት፤ ብዙም ሳይቆይ በ1494 ሞተ። ወንድሙ ዐፄ ናዖድ ሲነግሥ ኮቪልያ መሰናበቻ ጠየቀ። ናዖድ ከለከለ። ልብነ ድንግልም በእኔ ዘመን የመጣ ሰው ስላልሆነ እኔ አላሰናብትም አለ። ጉልት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ገሚሱ ሰው እስረኛ ነበር ይላል። ገሚሱ ደግሞ ጉልት፣ ሹመትና ትዳር ያለው ሰው ምን ቆርጦት ይሄዳል፣ ወድዶ ቀርቶ ነው ይላል፤ ለአገር ኩራትም የሚመቸው ይኸኛው ነው። አልቫሬዝ የጻፈውን ላነበበ ግን ሁለተኛው አይዋጥም። ኮቪልያ ለ33 ዓመት ንስሐ አልገባም ነበር። ምክንያቱን ሲናገር፣ የዚህ አገር ካህን የንስሐን ምስጢር አይጠብቅም፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ኃጢአቱን ለእግዚአብሔር ብቻ ይናገር ነበር። ለካህናቶቻችን የሚያስደስት ክስ አይደለም፤ እውነት መሆኑም ሌላ ነገር ነው። ሆኖም የልቡን የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ሰው አገሩ ገብቷል ለማለት ይከብዳል። አልቫሬዝ ሲመጣ የነፍስ ልጁ ሆነ፤ የአገሩም ናፍቆት ተቀሰቀሰበት። ከልዑካኑ ጋር ሆኖ ንጉሡን ቢለምንም ፈቃድ አላገኘም። ከልዑካኑም መካከል ዦአዎ ቤርሙዴዝ የተባለው ሐኪምና ሠዓሊው ላዛሮ ደ አንድራዴ ሳይመለሱ ቀርተዋል። ሙያ ያለው ፈረንጅ በቀላሉ አይለቀቅም ነበር።

ኮቪልያ ከዚያ ወዲያ ከታሪክ ይጠፋል። በ1541 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋሉ ክርስቶቮ ዳ ጋማ 400 ወታደር ይዞ ኢትዮጵያን ለመርዳት መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሰባኪዎች አማካይነት የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ከደም መፋሰስ በኋላ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ ልጁ ፋሲለደስ ሰባኪዎቹን አባረረ። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ ማለት ሃይማኖት የሚያስለውጥ ማለት ሆኖ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ለዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጡት የጀርመንና የስዊስ ሚሲዮናውያንም ያው ፈረንጅ ናቸው።

ዛሬ ሃይማኖቱ ተረስቶ ቀለሙ ቀርቷል። ቀለም በሌለበትም ስሙ አለ፦ የፈረንጅ ዶሮ፣ የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ፈረንጅ አፍ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ያልኩትንም አንባቢ ጮክ ብሎ ሲያነበው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚለው። ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ የአበሻ ልጅ በእጁ መብላት ቢያቅተው አክስቶቹ ፈረንጅ ሆነብን ይላሉ። ስሙ ያልደረሰባቸው ቻይናዎች ናቸው፤ መንገድና የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ ከርመውም ፈረንጅ አልተባሉም። እንዲያውም በአንዳንድ ገጠር ነጭ ቱሪስት ሲያልፍ ልጆች ከኋላው «ቻይና! ቻይና!» ይሉታል።